የጨርቅ ቦርጭ

በዕድሜዬ ቦርጭ የነበረኝ ለአንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው። እሱንም ያወጣሁት ቆቦ ከተማ ውስጥ፣ ያውም በስልሳ ስድስቱ ድርቅ፣ የራያ ሰው በቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ እየበሳ በሚያጠብቅበት ጊዜ ነው። ሰው ቦርጭ ማውጣቱ ካልቀረ ጊዜና ቦታ መምረጥ እንዳለበት ያን ዕለት ተምሬያለሁ። እናንተ ዛሬ ቦርጭ ለማጥፋት ጠዋት ጠዋት የምትሮጡ ወዳጆቼ፣ ነገሩ እንዴት እንደሆነ ላጫውታችሁ። ብቻ አትቸኩሉብኝ፤ እኔ ወሬ ስጀምር ከሮቢት ተነስቼ ቆቦ ለመድረስ በአላማጣ በኩል የምዞር ሰው ነኝ።

ከሮቢት ወዲያ ካለው መንደራችን የመጣሁት ማሽላችን ጉልበት ሳይደርስ ቆሞ ከደረቀ በኋላ ነው። በሬዎቹ ሲሞቱ አባቴ ሞፈሩን ጣሪያው ስር ሰቀለና «በል እስቲ አንተ እንኳ ከተማ ገብተህ ሰው ሁን» አለኝ። ሰው መሆን እንዴት እንደሚጀመር እሱም አልነገረኝ፣ እኔም አልጠየቅሁት። ያረፍኩት አክስቴ እትዬ ሞሚና ዘንድ ነበር። እትዬ ሞሚና ደግ ሴት ናት፤ ደግነቷ ግን የሚወጣው በቁጣ ነው። ቂጣዋን ቆርሳ ትልቁን ቁራሽ ወደ እኔ እየወረወረች «እንካ ብላ፣ ሆድህ ይቀደድ» ትለኛለች። እንዲህ እየተረገመ የጠገበ ሰው ከእኔ በቀር ያለ አይመስለኝም፤ ጠገብኩ ስል ግን ያው በዚያ ዓመት ልክ ነው።

ቆቦ ያኔ በጎረምሳ ተጨናንቃ ነበር። ከየገጠሩ የፈለሰው ወጣት ሁሉ አስፋልቱ ዳር ተኮልኩሎ የጭነት መኪና ይጠብቃል። መኪናው ወደ አሰብ ይሂድ ወደ አዋሽ የሚጠይቅ የለም፤ ፍጥነቱን ቀነስ ካደረገ መንጠልጠል ነው። የሄደው ደግሞ ወሬው እንኳ አይመለስም። የእትዬ ሞሚና አንድ ልጅ እንዲሁ ተንጠልጥሎ ከሄደ ወዲህ፣ አክስቴ የመኪና ጥሩምባ በሰማች ቁጥር ጆሮዋን በሁለት እጇ ትይዝ ነበር።

ነገሩ ያሳሰባቸው የከተማው ቅሬ ሽማግሌዎች፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ተሰብስበው መከሩ። ቅሬ በእኛ አገር ጎረቤት በቀብርና በሐዘን የሚረዳዳበት ማኅበር ነው። በዚያ ዓመት ቀብሩ ስለበዛባቸው ይመስለኛል፣ «እስቲ ደግሞ በሕይወት ላሉት አንድ ነገር እናድርግ» ብለው የተነሱት። አንዱ ባዶውን የጥጥ መጋዘን ሰጠ፤ ሌላው የስፌት መኪናውን አዋሰ፤ ማሽላ ያዋጣ አዋጣ፤ ሴቶቹ ንፍሮ ሊቀቅሉ ተስማሙ። ጠዋት ሙያ፣ ከሰዓት ዘፈንና ቲያትር፣ በመሃል አንድ እፍኝ ንፍሮ ሆነ። «ዘፈኑ ደግሞ ምን ይሠራል?» ያሉ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። አክስቴ ከሴቶቹ መሃል ብድግ ብላ «እነዚህ ልጆች የቀበሩትን ቀብረው ነው የመጡ። ሲተክዙ መርፌ ብትሰጧቸው እጃቸውን ሲወጉ ነው የሚውሉ። ይዝፈኑበት» አለችና ነገሩ በዚያው ጸደቀ።

የሥልጠናው ኃላፊና የስፌት መምህራችን ጋሽ ኪዳኔ ይባላሉ። ወላጆቻቸው ከትግራይ ወርደው ቆቦ የከተሙ ናቸው፤ ሲናደዱ ብቻ የወላጆቻቸው ቋንቋ ይመጣባቸዋል። እኔ ከመጣሁ በኋላ አማርኛ ሊጠፋባቸው ምንም አልቀራቸውም። መጀመሪያ የሰፋሁት ሱሪ ሁለቱ እግሮቹ አንድ ላይ ተጋጥመው ከረጢት ሆነ። ቀጥሎ የአንድ ነጋዴ ኮት እጠግናለሁ ብዬ የራሴን እጅጌ ከኮቱ ጋር አብሬ ሰፋሁት፤ ሰውየው ኮቱን ሊወስድ ሲመጣ እኔም አብሬ ልሄድ ነበር። ጋሽ ኪዳኔ በመቀስ ነፃ አውጥተውኝ «አንታ ወዲ፣ በል ወደ እንጨቱ» አሉኝ፤ አንተ ልጅ ማለታቸው ነው።

ወደ እንጨቱ ሄድኩ። የሠራሁት በርጩማ ወደ ግራ አዘነበለ። የቀኙን እግር ቆረጥኩለት፤ ወደ ቀኝ አዘነበለ። የግራውን ቆረጥኩ። እንዲህ እየተካካስን ስንሄድ በርጩማው ተመልሶ ጣውላ ሆነ። አናጢው መጋዙን ቀስ አድርጎ ከእጄ ወሰደ። የቀረው ቲያትሩ ነበርና ወደ እሱ ተገፋሁ። ሌላው ወደ ኪነ ጥበብ የሚገባው ተሰጥኦው ጠርቶት ነው ይባላል፤ እኔን ሁለት ሙያ አባሮኝ ነው።

አንድ ጠዋት ጋሽ ኪዳኔ ሰበሰቡንና «ማሽላው እየሟጠጠ ነው» አሉን። «ካለቀ እንዘጋለን። በባዶ ሆዱ የስፌት መኪና የሚረግጥ ሰው የለም።» ሁላችንም ዓይናችን ወደ አስፋልቱ ሄደ። እኔ በልቤ ቆርጬ ነበር፤ መጋዘኑ ከተዘጋ የአክስቴን ግማሽ ቂጣ እየነጠቅሁ አልቀመጥም፣ ቀድሞ በመጣው መኪና እንጠለጠላለሁ። ለአክስቴ ግን ይህን አልነገርኳትም፤ ከሷ ፊት የሚደፍር አንደበት አልነበረኝም።

መላውን ያመጡት የቲያትር መምህራችን ናቸው። በገበያ ቀን ቲያትር እናሳያለን፤ ያለው ሰው እፍኝም ይሁን ጣሳ እህል ይዞ ይገባል፣ የሌለው እንዲሁ ይገባል። የተሰበሰበው ከቀረችው ማሽላ ጋር ተደምሮ ሥልጠናውን ያቆየዋል። ቲያትሩ እህል ደብቆ ስለያዘ አንድ ስስታም ሀብታም ነበር። በዚያ ወቅት ረሃብ የሚለውን ቃል ጮክ ብሎ መናገር አያስመሰግንምና፣ መምህሩ ታሪኩ የሆነው «በአንድ ሩቅ አገር» ነው ብለው ጻፉት። ልምምድ ሊያይ የገባ አንድ የጎብዬ ገበሬ ትንሽ ተመልክቶ «ሩቅ ሲሉኝ ጊዜ ሌላ መስሎኝ፤ ይሄማ እኛ ጋ ነው» ብሎን ወጣ።

ስስታሙን መጫወት የፈለገ ሰው ጠፋ። ነገ ሚስት ሲጠይቅ «ያ እህል የከለከለው አይደል?» ቢባልስ? እኔ ሚስት የሚሰጠኝ ሰው እንደሌለ አስቀድሞ ስለታወቀ ለእኔ ተሰጠኝ። ችግሩ እኔ በጎን ከቆምኩ የማልታይ ሰው መሆኔ ነው። የስፌት ሠልጣኞቹ ቁርጥራጭ ጨርቅ ሰብስበው ሆዴ ላይ በገመድ አሰሩልኝ፤ በላዩ ሰፊ እጀ ጠባብ አለበሱኝ። በትዕይንቱ ቀን ከቀትር በኋላ፣ እንዲለምደኝ ብዬ ቦርጬን ይዤ ቤት ስገባ እትዬ ሞሚና ከላይ እስከ ታች አየችኝና «ይሄን ሆድ ደግሞ ማን ሊቀልበው ነው?» አለችኝ።

ከዚያ ከአክስቴ ቤት ወደ መጋዘኑ በገበያው መሃል ሄድኩ። እናንተዬ፣ ቦርጭ እንዲህ ያስከብራል? ከዚያ በፊት ለሰላምታዬ መልስ የማይሰጠኝ ነጋዴ ከወንበሩ ተነስቶ እንዴት ዋሉ አለኝ። የማላውቃቸው ሴቶች መንገድ ለቀቁልኝ። አንድ ሽማግሌ ቆመው ካዩኝ በኋላ አጠገባቸው ያለውን ሰው «ይሄ ልጅ ከወዴት አገር ነው የመጣ?» ሲሉ ሰማሁ። እውነቱን ልናገርና ትንሽ ደስ ብሎኝ ነበር፤ እርምጃዬን ሳይቀር አቀዘቀዝኩ።

መድረኩ የመጋዘኑ በር ፊት ነበር። ለስስታሙ ጎተራ የሚሆን በር ለብቻ ከመሥራት እውነተኛው በር አለ ተባለ። ለስስታሙ ቁልፍ ከመፈለግም የጋሽ ኪዳኔ ቁልፍ አለ ተባለ። ስለዚህ ከኋላዬ ያለው በር እውነተኛ፣ እጄ ላይ ያለው ቁልፍ እውነተኛ፣ በሩ ጀርባ ያለችው ማሽላና ሰው ያን ዕለት ያመጣው እህልም እውነተኛ ነበር። ሐሰተኛው እኔና ቦርጬ ብቻ ነን። ይህን ቁጠባ ያሰበው ሰው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ የሚናገር የለም።

ግቢው ጢም አለ። ከፊት የከተማው ሰው፣ ጋሽ ኪዳኔም መሃላቸው፤ ከኋላ ከየገጠሩ የመጣው ገበሬ። ከገበሬዎቹ መሃል የመንደራችንን ሽማግሌ አያ እንድሪስን ሳየው ደስ አለኝ። አያ እንድሪስ አንቱ ሲሉት የሚቆጣ፣ ጠብ በሰማበት ሁሉ ሳይጠሩት የሚሄድ አስታራቂ ነው። ሮጬ ሄጄ ጉልበቱን ልስም ብዬ ነበር፤ ግን ስስታም ነኝና ታገስኩ።

ጨዋታው ተጀመረ። ከድጃ የተባለች ከሁላችንም የተሻለች ሰፊ፣ ልጅ አዝላ የምትለምን እናት ሆና ገባች። ያዘለችው ሕፃን ያ እኔ የሰፋሁት ሱሪ ተጠቅልሎ ነው፤ ለአንድ ነገር በመዋሉ ደስ አለኝ። ከድጃ ለመነችኝ። እኔም «እምቢ! ከጎተራዬ አንዲት ፍሬ አትወጣም!» አልኩ። ድምፄ ትንሽ ተንቀጠቀጠ። ድጋሚ ለመነችኝ። አሁን ቦርጬን ወደ ፊት ገፍቼ፣ ቁልፉን እያንቃጨልኩ ደገምኩት። ሕዝቡ አጉረመረመ። አንዲት ሴትዮ መሬት ላይ ተፋች። እግዜር ያሳያችሁ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሥራ ተሳካልኝ። ለካ ሙያዬ ይህ ነው ብዬ በሦስተኛው ቃሉን ከሆዴ፣ ማለት ከጨርቁ ስር ካለው ሆዴ፣ አውጥቼ ለቀቅሁት።

ይህን ጊዜ አያ እንድሪስ ብድግ አለ።

«እናንተ ኢጆሌ፣ እስቲ ዝም በሉ» አለ፤ ኢጆሌ ሲል በራያ ሽማግሌዎች አፍ ልጆች ማለቱ ነው። «እርጥብ ሣር የያዘ ሰው አለ?»

እዚህ ላይ ላቁምና ለማያውቅ ልንገር። በእኛ አገር ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ፊትህ ከቆመ ነገሩ አለቀ። ወንድሙ የተገደለበት ሰው እንኳ ሣር ሲቀርብለት ይቅር ይላል። ሣር ረግጦ እምቢ ያለ ሰው ከብቱ ቢጠፋ አብሮ የሚፈልግለት፣ ቢሞት ሬሳውን የሚያነሳለት የለም። ችግሩ በዚያ ዓመት ከዞብል ተራራ እስከ ጎሊና ወንዝ ብትዞሩ አንድ እርጥብ ሣር አታገኙም። ሰው ሁሉ እግሩ ስር አየ፤ አቧራ ነው። በመጨረሻ የሁሉም ዓይን አንድ ቦታ አረፈ። አጥሩን ተደግፎ የሚያይ የጭነት መኪና ሾፌር አለ፤ ብብቱ ስር ጫት ይዟል። በቆቦ ከተማ ያለው አረንጓዴ ነገር እሱ ብቻ ነበር።

«አያ፣ ይሄ እኮ የመንገዴ ነው» አለ ሾፌሩ። አያ እንድሪስ እጁን ዘርግቶ ቆመ። ሾፌሩ ትንሿን ቀንበጥ መርጦ አወጣ። አያ እንድሪስ እጁን አላጠፈም። ሾፌሩ ተነፈሰና ተለቅ ያለችውን ሰጠው።

አያ እንድሪስ መድረኩ ላይ ወጣ። ከኋላው የየመንደሩ ሽማግሌዎች ተነስተው ኩታቸውን ትከሻቸው ላይ እያስተካከሉ ተከተሉት። «ልጄ» አለኝ፣ «ዘመኑ ነውና ሣር አላገኘሁልህም። ይሄን እንደ ሣር ቁጠርልኝ። ለዚች እናት ብለህ ባይሆን ለአላህ ብለህ በሩን ክፈት» አለና ጫቷን እግሬ ስር አስቀመጣት።

መጋረጃ ካደረግነው አንሶላ ጀርባ መምህሩ «እምቢ በል! እምቢ በል!» ይሉኛል። ፊት ለፊት ጋሽ ኪዳኔ ዓይናቸውን ቁልፉ ላይ ተክለው ያማትባሉ። እትዬ ሞሚና በነጠላዋ አፏን ሸፍናለች። እምቢ ብል በጨዋታም ቢሆን የሽማግሌ ሣር መርገጤ ነው። እሺ ብል ኋላዬ ያለው ጎተራ ጨዋታ አይደለም፤ ሥልጠናው ያልቃል፣ እኔም መኪና ላይ ነኝ። እንዲህ መላው ጠፍቶኝ ሳለሁ አያ እንድሪስ ሊንበረከክ ጉልበቱን አጠፈ። ሽማግሌ ሲንበረከክ ቆሞ ማየት አይቻልማ። ላነሳው ጎንበስ ስል ገመዱ ተበጠሰና ቦርጬ በእጀ ጠባቤ ስር ተንሸራቶ መሬት ላይ ዱብ አለ።

ያች ቅድም የተፋችው ሴትዮ «እሰይ፣ በሰላም ተገላገለ» አለች።

ቆቦ ሳቀች። እንዲህ ያለ ሳቅ ከሰማሁ ስንት ጊዜ እንደሆነኝ አላስታውስም። አጥንታቸው የወጣ ገበሬዎች እየተደጋገፉ ሳቁ፤ ከድጃ ሱሪዋን እንዳዘለች ሳቀች፤ ጋሽ ኪዳኔ ሳይወዱ ሳቁ። እኔም ስስቅ፣ በሳቄ መሃል፣ «እሺ» የምትል ቃል ከአፌ አምልጣ ሄደች። እልልታው ቀለጠ። ከእልልታ በኋላ ደግሞ የሚመለስ ነገር የለምና በሩን ከፈትኩ።

ጋሽ ኪዳኔ ሮጠው መጡ። «አንታ! ምንድን ነው ያደረግኸው?»

«ሣር አስቀመጡብኝ፣ ጋሼ።»

እሳቸውም የዚህ አገር ልጅ ናቸው። «ሣር አይደለም እኮ» አሉ በቀጭን ድምፅ። «ጫት ነው።»

«እርጥብ ነው» አለ አያ እንድሪስ ቀና ሳይል። ጣሳ ይዞ በሩ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሾፌሩ በበኩሉ ጎንበስ ብሎ ጫቷን ከመድረኩ አነሳ፣ አቧራዋን እፍ አለና ወደ ብብቱ መለሳት።

ሰው ግን አልተጋፋም። ልጅ ያዘሉ ሴቶች ቀደሙ፤ ከከተማው ሰው አንድም የተሰለፈ አልነበረም። አያ እንድሪስ የሰልፉን ርዝመት አየና ለሁሉም እንዲዳረስ ጣሳውን ከግማሽ በታች ይሰፍር ጀመር። የመጨረሻው ሰው ሲወስድ ማሽላው ገና ነበር፤ ተጋምሶ ነበር እንጂ አላለቀም። አያ እንድሪስ ተነሳ፣ በሩን ራሱ ዘጋ፣ ቁልፉን ለጋሽ ኪዳኔ ሰጠና «ይሄ የልጆቹ ነው። ለዛሬ እኛ ወስደናል፤ እነሱ የሚማሩት ለነገ ነው» አላቸው።

ጋሽ ኪዳኔ ቁልፉን እያገላበጡ ትንሽ ቆሙ። ከዚያ ወደ እኛ ዞረው «ከነገ ጀምሮ ንፍሮው ግማሽ እፍኝ ነው። ያነሰው ሰው አስፋልቱ ያውና» አሉ። ሾፌሩ መኪናውን አስነስቶ ጥሩምባ ነፋ። የተንቀሳቀሰ አልነበረም። ወደ አክስቴ ዞር አልኩ፤ እጆቿ ነጠላዋ ላይ ናቸው፣ ጆሮዋን አልያዘችም። ለመሄድ ቆርጬ እንደነበር ያን ጊዜ ነገርኳት። «ሆድህ ይቀደድ» ብላ ማጅራቴን መታችኝ። የቲያትር መምህሩ በበኩላቸው «አንተ ለክፉ ሰው አትሆንም፤ ወደ ስፌቱ ተመለስ» ብለው ከሦስተኛ ሙያዬም አባረሩኝ።

ፀሐይ ሳትገባ አያ እንድሪስን ልሸኘው ከከተማው ዳር ድረስ አብሬው ሄድኩ። በትከሻው ስልቻ አንግቷል፤ ለእነ አባቴም የሚደርስ ማሽላ ነበረበት። ሐሳብ ይዞኝ ነበርና እንደምንም አወጣሁት።

«አያ፣ ይቅር በለኝ። ያ ነገር እኮ ቲያትር ነበር። ጎተራውም የእኔ አይደለም።»

ቆመና ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። «አንተ ልጅ፣ ያንተን ሆድ እኔ አላውቀውም? ከተወለድህ ጀምሮ የማውቀው ሆድ ነው። ጨዋታ መሆኑንማ ገና ብቅ ስትል አውቄያለሁ።»

«ታዲያ ለምን ተነሳህ?»

«እዚህ ምን ትማራላችሁ?»

«ስፌት፣ እንጨት ሥራ፣ ቲያትር።»

«እንዴት አድርገው ነው የሚያስተምሯችሁ?»

«እጃችን እስኪለምደው ደጋግመን እንሠራዋለን።»

«እኮ» አለ። «ያን እምቢታህን ስትደጋግመው ሰማሁህ። መጀመሪያ ድምፅህ ተንቀጠቀጠ። ኋላ ግን አማረብህ። ሲያምርብህ ጊዜ ፈራሁ። ይሄ ክፉ ዘመን ያልፋል፣ ኢንሻአላህ፤ አንተ ግን ያን ተምረህ ብትመጣ ለአባትህ ምን እለዋለሁ?»

እጁን ዘረጋልኝ፤ መዳፉ ላይ የማሽላው ብናኝ ገና አልረገፈም።

«እስቲ አሁን እምቢ በለኝ» አለ።

አፌን ከፈትኩ። ለአክስቴ ግድግዳ ስንት ጊዜ የተለማመድኩት፣ በሕዝብ ፊት ሦስት ጊዜ የጮኽኩት ቃል ነው። መዳፉን አየሁት፣ ፊቱን አየሁት፤ ቃሉ አልወጣ አለኝ።

አያ እንድሪስ እጁን ሰበሰበ፣ ስልቻውን ትከሻው ላይ አስተካከለና «አልሐምዱሊላህ፤ ሳትለምደው ደርሼልሃለሁ» ብሎ የሮቢትን መንገድ ያዘ።